ሁለት ጭረት፣ አንድ ጉድጓድ

ሀዲያ ድስቱን ከፌስታል አውጥታ ከአማከለች እግር ሥር ዱብ ስታደርገው የይፋግ ገበያ ገና አልደራም ነበር። ለሰላምታ እንኳ አልቆመችም።

«ይኼ ነው ሥራሽ፣ አማከለች?»

አማከለች ከደረደረችው ሸክላ መሀል ቀና አለች። ሀዲያ ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ሽሮውንም ምስሩንም የምትሠራው በሸክላ ድስት ነው፤ ድስቱን ደግሞ ከአማከለች በቀር ከማንም ገዝታ አታውቅም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ቆሞ እየተቆጣ ተቀምጠው አያናግሩትም። አማከለች ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች።

«ምን ሆንሽብኝ፣ እህቴ? ምነው በጠዋቱ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ወጡ ነው የሆነው! ምስሬ ተንጠፍጥፎ እሳቱን አጠፋው። ሰው ተቀምጦ ምሳ እየጠበቀ። ወላሂ፣ ምድር ሆይ ዋጪኝ ነው ያልኩት።»

አማከለች ድስቱን አነሣች። ገና ስታነሣው እጇ ነገራት። ታቹ ወፍሯል፣ አፉ ሳስቷል። በጣቷ መታ አደረገችው። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ሲመቱት ይጮኻል፤ ይኼኛው ግን በእርጥብ እንጨት ላይ የወደቀ ጠጠር ያህል እንኳ አልተናገረም።

«የኔ አይደለም» አለች።

«እንዴት ያንቺ አይደለም? ኧረ እይው!» ሀዲያ ድስቱን ነጥቃ አዞረችው። ከግራው ጆሮ ሥር ሁለት የጥፍር ጭረት፣ ከጭረቶቹ በታች አንድ የአውራ ጣት ጉድጓድ አለ። ወጡ የወጣበት ስንጥቅ የሚነሣው ከዚያው ከጉድጓዱ መሀል ነው።

አማከለች ጠጋ ብላ አየች። ምልክቱ የሷ ነው።

በነ አማከለች መንደር ሸክላ የምትሠራ ሴት ሁሉ የራሷ ምልክት አላት። አንዷ በስንደዶ ታዞራለች፣ አንዷ የበቆሎ ፍሬ ትጭናለች፣ አንዷ አንገቱ ላይ ነጥብ ታስቀምጣለች። ለጌጥ አይደለም። የብዙ ሴት ሥራ ባንድ ጉድጓድ፣ ባንድ እሳት ስለሚተኮስ፣ አመዱ ተጠርጎ ሲወጣ የማን የማን እንደሆነ የሚለየው በዚያ ነው። የተሰነጠቀውም የሚታወቀው በዚያ ነው፤ «የኔ አይደለም» ብሎ መሸሽ የለም። የአንዷን ምልክት ሌላዋ አትነካም። ሁለት ጭረት አንድ ጉድጓድ የአማከለች እናት ምልክት ነበር፤ እናትየዋ ስትሞት ለአማከለች ቀረ። ከርብ ወንዝ እስከ ሐሙሲት ድረስ ያለ ገበያተኛ ድስት ሲገዛ ከጆሮው ሥር በጣቱ ይዳብሳል። ካገኘው ክርክር አያበዛም።

«ከማን ነው የገዛሽው?»

«ካንቺ ሰዎች ነዋ! ወረታ፣ ከማሠልጠኛው በር ላይ ሴቶች ልጆች ይሸጣሉ። ምልክትሽን አየሁ፤ ገበያ እስክትወጪ ምን አስጠበቀኝ ብዬ ገዛሁ። አንቺ ያስተማርሻቸው መስሎኝ።»

«እኔ?» አለች አማከለች። «አታስፈልጊም ብለው ከበር የመለሱኝ እኮ እነሱ ናቸው!»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ሰዎች ቤቷ ድረስ መጡ። አንዷ ውዳሴ ናት፤ ወጣት ነች፣ ሥራ ላጡ ልጆች ሙያ ያስተምራል በተባለው ማሠልጠኛ መምህርት ነች። ሌላው እዮብ የሚባል ቪዲዮ አንሺ ነው፤ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ፕሮጀክቱ የላከው። «እትዬ አማከለች፣ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት» አሏት። «ቪዲዮው ልጆቹ ቤታቸው ገብተው እንዲያስታውሱ ያህል ነው።»

አማከለች ደስ አላት፤ መቼስ ደስ የማይል ነገር አልነበረም። ከጭቃው ጀመረች። ከርብ ዳር ቆፍራ አመጣች፣ አደረቀች፣ ፈጨች። የተሰባበረ ሸክላ፣ ገሉን፣ ወቅጣ ነፍታ ጭቃው ውስጥ ደባለቀች፤ ገል ያልገባበት ጭቃ እሳት አይችልምና። ታቹን አበጀች፣ ጎኑን አወጣች፣ ጆሮውን ለጠፈች፣ በወንዝ ጠጠር አለሰለሰች፣ በሩዝ ገለባና በኩበት ተኮሰች። እዮብ ከላይም ከጎንም እየዞረ «እትዬ፣ እጅዎን ወደ ብርሃኑ! እንደሱ! ጎበዝ!» ይል ነበር። ቁርስ ስታቀርብለት ጾም ነኝ አለ። ቀኑ ፍስክ ነበር። አማከለች ያን ጊዜም ገብቷታል፤ ከሸክላ ሠሪ ቤት አይበላም የሚል ሰው አዲስ ነገር አልሆነባትም። ቁርሱን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች።

ትምህርቱ ሲጀመር ነጠላዋን አጥባ ወረታ ወረደች። ውዳሴ በር ላይ አንገቷን ደፍታ ጠበቀቻት። «ቪዲዮው ራሱ በቂ ነው ተባለ፣ እትዬ። ለአሠልጣኝ የተያዘ ቦታ የለም።» አማከለች አልተሟገተችም። ከበቃ ይብቃ ብላ ተመለሰች።

አሁን ግን ያ «በቂ ነው» የተባለው ነገር ከድስት ሥር እየፈሰሰ መጣባት።

«ቪዲዮውን አይተሽዋል?» አለች ሀዲያ። ቁጣዋ ቀዝቀዝ ብሎ ነገሩ ሊገባት ጀምሯል።

«የት ብዬ አያለሁ?»

«ለቀውት የለ! ባለ ስልክ ሁሉ ያየዋል። ቆይ።» ሀዲያ ስልኳን አውጥታ ፈላለገችና ጥላው ሥር ተጠግተው ቆሙ።

መጀመሪያ ሙዚቃ መጣ። ቀጥሎ እጅ መጣ። አማከለች እጇን አወቀች፤ እንዴት አታውቀው! በቀኝ አንጓዋ ላይ፣ ልጅ ሳለች ከመተኮሻው ጉድጓድ ያገኘችው ጠባሳ በስልኩ መስታወት ላይ ያብረቀርቃል። ፊቷ ግን የለም። አንገቷም የለም። ቀሚሷም ከጉልበቷ በላይ አይታይም። ባለቤት የሌለው እጅ ጭቃ ያቦካል። በላዩ ላይ የእዮብ ድምፅ በቅቤ የታሸ ያህል ለስልሶ ይወርዳል።

«አሁን ደግሞ፣ ሠልጣኞች፣ ወደ ስድስተኛው ደረጃ እንሻገራለን። ከጆሮው ሥር በጥፍራችን ሁለት ጊዜ ጫር፣ በአውራ ጣታችን አንድ ጊዜ ጫን እናደርጋለን። ይህ ጉድጓድ ሙቀት በድስቱ ዙሪያ እኩል እንዲዳረስ ይረዳል።»

ሀዲያ ከት ብላ ሳቀች። «ሙቀት እንዲዳረስ! አሏህ ይጠብቀን፣ ያንቺን ስም ነው እንዴ?»

አማከለች አልሳቀችም። «መልሺው።»

ሀዲያ መለሰችው።

«እንደገና።»

ምሥጢሩ ያኔ ተገለጠላት። ጉድጓዱን በቀኝ አውራ ጣቷ ስትጫን ግራ እጇ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን ከውስጥ ደግፋ ነው የምትጫነው። ካልተደገፈ ሸክላው እዚያ ላይ ይሳሳል፤ እሳት ሲነካው መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው። ካሜራው ግን የቆመው በውጭ ነው። የታየው የቀኝ እጅ ብቻ ነው። ልጆቹ ያዩትን ሠሩ፤ ምን ያድርጉ? የሰሙትን አመኑ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም!» አለች አማከለች። «ፊቴን ቆርጦ ጣለው። ስሜን ግን አልጣለውም፤ ለማንም አድሎታል፤ ያውም ቀዳዳ አበጅቶለት!»

ለሀዲያ ከደረደረችው ውስጥ አንድ ድስት መርጣ፣ አንኳኩታ አሰምታ ሰጠቻት። የተሰነጠቀውን ራሷ ዘንድ አስቀረችው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ድስት አነሣች፣ ከጆሮው ሥር ዳበሰች፣ ጣቷን እንደተቃጠለ ሰው መለስ አደረገችና «ይኼ ያ የሚያፈሰው ነው አይደል?» ብላ አስቀምጣው ሄደች። አማከለች ከዚያ ወዲያ ገበያው አልታያትም።

ባሏ ደሳለው ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ማታ ነገሩን ሲሰማ ወናፉን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ተይው፣ አንቺ። የፕሮጀክት ሰው ነው፤ ነገ ይሄዳል።»

«እሱ ይሄዳል። ድስቱ ግን እዚሁ ነው የሚቀር።»

«ሰው ስንት ስም ሲያወጣልን ችለን ኖረን፣ ለአንድ ጉድጓድ...»

«እነሱ ያወጡልን ስም የነሱ ነው፤ እነሱው ይሸከሙት!» አለች። «ይኼኛው የእናቴ ነው። ይኼ ከጠፋ እኔ ምን ቀረኝ? ነገ ድስቴን ተሸክሜ በየገበያው ስዞር 'ያ የሚያፈሰው' ሊሉኝ? አንተ ማረሻህ ላይ ሌላ ሰው ምልክትህን መትቶ፣ ማረሻው የሰው እርሻ ላይ ቢሰበር ዝም ትላለህ?»

ዝም የማይል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ደሳለው ተነሥቶ «አህያዋን ልጫንልሽ?» አላት።

«ባዶዋን ነው የምወስዳት። ገለባና መረብ ብቻ ጫንልኝ።»

ሀዲያ እንደነገረቻት፣ የማሠልጠኛው የምረቃ ኤግዚቢሽን የሚካሄደው በማግስቱ ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ሠልጣኞቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል፤ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ድስቶች ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ጀርባ በተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ቪዲዮው እያለቀ እየጀመረ ይዞራል። ከየቀበሌው የተጠሩ ሽማግሌዎችና ገበሬዎች ወንበር ይዘዋል። አማከለች አህያዋን ከበር አሰረች፣ ቅርጫቷን አነሣች፣ ገባች፤ ማንም አልከለከላትም። ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ አንዱን ድስት አነሣች። አዞረችው። ሁለት ጭረት፣ አንድ ጉድጓድ። ቅርጫቷ ውስጥ አስገባችው። ሁለተኛውን አነሣች። አዞረች። አስገባች።

«ሴትዮ!» የእዮብ ድምፅ ነው፤ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ። «ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ያኔ «እትዬ» ነበረች። አማከለች ዞር ብላም አላየችው።

«ዕቃዬን እየሰበሰብኩ።»

«የምን ዕቃ? የሠልጣኞች ሥራ እኮ ነው!»

«ምልክቱስ የማን ነው?»

«የምን ምልክት? እሱ የአሠራር ደረጃ ነው፤ ሙቀት...»

«ሙቀት ይፍጅህ!» አለችና አሁን ዞረች። ድስቱን ከፍ አድርጋ ወንበር ላይ ላሉት አሳየች። «እናንተ የከብት ጌቶች ናችሁ፤ ፍረዱኝ። ከሜዳ በተገኘ በሬ ላይ የጎረቤታችሁ የመተኮሻ ምልክት ካለ፣ በሬው የማን ነው?»

«የባለ ምልክቱ ነው እንጂ የማን ይሆናል» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ሌሎቹ አጉረመረሙ።

«ይኸው የኔ ነው። ከሆነ እወስደዋለሁ። ያንቺ አይደለም የሚል ካለ ደግሞ ምልክቴን ከየት እንዳገኘው ይንገረኝ።»

እዮብ ወደ ዘበኛው ዞረ። «ማን ናት እሷ? ማን ነው ያስገባት?»

«እኔን አታውቀኝም?» አለች አማከለች። «እቤቴ ተቀምጠህ በፍስክ ቀን የጾምክ ልጅ አይደለህም?»

ሽማግሌዎቹ መሀል ሳቅ ፈላ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ አንዳንዱ ግን ራሱም እንደዚያው የጾመበት ቀን ትዝ ብሎት መሬት መሬት አየ። አማከለች ሥራዋን ቀጠለች። ሠልጣኞቹ እያጉረመረሙ ቆመው ያያሉ። ከጠረጴዛው ጫፍ ያለውን ድስት ስታነሣ አንዲት ቀጭን ልጅ እየሮጠች መጥታ አንጓዋን ያዘቻት። ንግሥቲ የምትባል፣ ከቁሐር ሚካኤል የመጣች ሠልጣኝ ናት።

«እማማ፣ ይቺን እንኳ ይተዉልኝ! የመጀመሪያዬ ናት፤ ደህና የወጣችልኝ እሷ ብቻ...»

ንግግሯ ተቋረጠ። አንጓውን እንደያዘች ጠባሳውን አየች። ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየች። እንደገና አንጓውን አየች።

«መምህርት ውዳሴ!» ጮኸች። «እጁ የሳቸው ነው!»

«የማን?» አለ አንዱ።

«የቪዲዮው እጅ! እኔ እሱን እጅ ስንት ጊዜ አቁሜ አይቼዋለሁ! እያቆምኩ፣ እየመለስኩ ነው የተማርኩት፤ እቤቴ እናቴ ስትሰለች ከደጅ ወጥቼ አይ ነበር። ይቺን ጠባሳ ከራሴ እጅ በላይ ነው የማውቃት።» ልጅቱ አንጓውን አልለቀቀችም። «የሰው እጅ መሆኑን አውቄ የማን እንደሆነ አለመጠየቄ!»

ቴሌቪዥኑ ብቻ ስለ ስድስተኛው ደረጃ መናገሩን ቀጠለ።

«እጄን ካልፈራችሁ» አለች አማከለች፣ «ፊቴን ምን አስፈራችሁ?»

«የፍሬም ጉዳይ ነው» አለ እዮብ። «ብርሃኑ ፊትሽ ላይ...»

«የብርሃን አይደለም።» ውዳሴ ነች፤ ከሠልጣኞቹ መሀል ወጥታ ቆማለች። «'ፊቷ ከታየ ከሸክላ ሠሪ መንደር መሆኗን አውቀው ይሸሻሉ፤ ፊቷ ይቆረጥ' ያልከው አንተ ነህ፣ እዮብ። ስለ ጉድጓዱም 'ምክንያት ስጠው፣ ያለ ምክንያት ደረጃ አይባልም' ብለህ ሙቀቱን ከራስህ ጨመርክበት። 'እሳቸውን እንጠይቅ' ብዬህ ነበር።»

«ብለሽው ነበር፤ ከዚያስ?» አማከለች ወደሷ ዞረች፤ ለሷም አልራራችም። «ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ ጠፋብሽ? ከበር ስትመልሺኝ የሸኘሽኝ በሱው ነው እኮ!»

ውዳሴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። «እህቴ፣ ተቆጥተሻል፤ ቁጣሽም እውነት ነው። ምን ይደረግልሽ?»

«ያንን አጥፉልኝ» አለች በአገጯ ቴሌቪዥኑን እያሳየች። «በፊቴ እንደገና ይነሣ። ስሜን የምናገረው እኔ ነኝ። የምልክቱንም ነገር የምናገረው እኔ ነኝ።»

«አሁን እንዴት ይሆናል?» አለ እዮብ። «መብራት አለ፣ ድምፅ አለ፣ ከዚያ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል... ቀላል ይመስልሻል?»

«እኔ በስልኬ አነሣቸዋለሁ» አለች ንግሥቲ።

መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ያልደረቀ ድስት አልጠፋም። አማከለች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እጇን አራሰች፣ ቁጢጥ አለች። ቲሸርት የለበሱት ሁሉ በሩን ሞልተው ቆሙ። ንግሥቲ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ፊቴ ይታያል?»

«ይታያል።»

«ሙሉው?»

«ሙሉው ነው፣ እማማ።»

አማከለች ስልኩን ቀጥ ብላ አየችው፤ የምትመታው እንጂ የምታናግረው አይመስልም። «አማከለች እባላለሁ። ያ ስታዩት የከረማችሁት እጅ ይኼ ነው። ሁለት ጭረት አንድ ጉድጓድ የእናቴ ነበር፤ አሁን የኔ ነው። ሙቀት አያዳርስም፤ ምንም አያደርግም፤ የማን እንደሆነ ብቻ ይናገራል። የራሳችሁን አብጁ። የኔን ያደረገ ሰው ገበያ ላይ ካገኘሁት ድስቱን ከነወጡ እወስድበታለሁ።» ሳቁ በሩ ላይ ፈነዳ፤ እሷ አልሳቀችም። «ደግሞ ጉድጓድ ልጫን የምትል ካለች፣ ግራ እጇን ከውስጥ ታድርግ። ነይ፣ ስልኩን ወደ ድስቱ ውስጥ አምጪው። ከላይ! ገባ አርጊው። ጣቴ ይታያል? እዚህ ደግፌ ነው። አየሽ? እሱ ያላሳያችሁ ይኼንን ነው።»

ንግሥቲ ስልኩን ድስቱ አፍ ውስጥ ደፍታ ትንፋሿን ያዘች።

አማከለች እጇን ታጥባ ስትወጣ የቀሩትን ድስቶች ሰበሰበች። አንዲት ሠልጣኝ አለቀሰች፤ አማከለች ሰምታለች፣ ግን አላቆመችም። በስሟ የሚያፈስ ድስት ለማንም አትተውም። የንግሥቲን ብቻ አንሥታ በጣቷ መታችው። ድስቱ ጮኸ። እንደገና መታችው፤ እንደገና ጮኸ። ጣቷን ወደ ውስጥ ከትታ ከጉድጓዱ ጀርባ ዳበሰች፤ ግድግዳው አልሳሳም።

«ደግፈሽ ነው?»

«ሲጎደጉድ ፈርቼ በራሴ ደገፍኩት። ቪዲዮው ላይ አልነበረም።»

አማከለች ድስቱን መለሰችላት። «ምልክቱን በሻካራ ድንጋይ ፍቂው። የራስሽን ሳታወጪ ግን ገበያ እንዳትወጪ።»

ቴሌቪዥኑ ያን ቀን ጠፋ፤ ማሠልጠኛውም የቀድሞውን ቪዲዮ ከለቀቀበት አወረደ። የንግሥቲ ተተካ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተለቀቀ ነገር ከሰው ስልክ ሁሉ አይሰበሰብም፤ ሀዲያ ምግብ ቤት ከሚመገቡት አንዱ እስከ ዛሬ የእዮብን አውጥቶ ይስቅበታል። ሀዲያም የአማከለችን ፊት ታሳየዋለች፤ «ይቺን እይ፣ ባለቤቷን!» ትለዋለች። ሙቀት ያዳርሳል የሚል ሰው ደግሞ ከሐሙሲት ገበያ አልጠፋም። አማከለች ይኼን በሰማች ቁጥር እንደ አዲስ ትናደዳለች።

ድስቶቹን እቤቷ ደጅ አፈሰሰቻቸው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይላል የአገሩ ሰው ሲተርትባቸው። አማከለች አልበላችበትም። ዘነዘናውን አንሥታ ትሰባብራቸውና ሙቀጫ ውስጥ እየጨመረች ትወቅጣቸው ጀመር።

ደሳለው ከመዶሻው ቀና ብሎ አያት። «እስካሁን አልበረደልሽም?»

«ገና ነው» አለች፤ አንድ ስባሪ አንሥታ በፀሐይ አየችው። ሁለት ጭረት አለበት። መለሰችውና ደጋግማ ወቀጠችው። «ምልክቱ የሚታይበት ገና አለ።»

ገሉ ደቀቀ። ነፋችው፣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር አቦካችው፣ እንዲያርፍ በእርጥብ ጆንያ ሸፈነችው። ጭቃው ሲደርስ ድስት አበጀች። ከግራው ጆሮ ሥር በጥፍሯ ሁለት ጊዜ ጫረች፤ ግራ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ ደገፈች፣ ጥርሷን ነክሳ ጫነች።